ለቤተሰብ ጉዞ የመጀመሪያ ካሜራ፦ ማን ነው የሚይዘው?

ጥያቄ፦ «የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ 8 ዓመቱ ነው፣ ትንሿ 3። ከ6 ሳምንት በኋላ ለ10 ቀን ዕረፍት እንወጣለን። ግማሹን ሐይቅ ዳር፣ ግማሹን ተራራማ ቦታ ነው የምናሳልፈው። እስከ ዛሬ ፎቶ የማነሳው በስልኬ ነው። ቀን ጥሩ ነው። ማታ ቤት ውስጥ ግን ልጆቹ ይደበዝዙብኛል፤ ራቅ ያለ ነገር ሳቀርብም ይበላሻል። ሱቅ ሄጄ ስጠይቅ አንዱ ባለ ሁለት ሌንስ ትልቅ ካሜራ አሳየኝ፤ ሌላው ‹ይሄ ሜጋፒክሰሉ ይበልጣል› አለኝ። ባለቤቴ ደግሞ ስልኩ ይበቃል ባይ ነው። ስለ ካሜራ ምንም አላውቅም። የትኛውን ልግዛ? ትንሿ ልጄስ ብትነካው ችግር አለው?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከባለቤትሽ ልጀምር። ግማሽ እውነት አለው። ቀን፣ ደጅ፣ ልጆቹ ሁለት ሦስት ሜትር ላይ ሆነው ከሆነ የዛሬ ስልክ ጎበዝ ነው። አንዴ ስትነኪው ብዙ ፎቶ አንስቶ፣ አዋህዶ፣ ጥላውን አብርቶ ይሰጥሻል። ያንን ፎቶ ከትልቅ ካሜራ ፎቶ ጋር በስልክ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ብታስቀምጪልኝ እኔም ልሳሳት እችላለሁ። ጥያቄሽ «ቆንጆ ፎቶ እፈልጋለሁ» ብቻ ቢሆን ኖሮ ገንዘብሽን ያዢ እልሽ ነበር።

አንቺ ግን ሁለት ነገር ለይተሽ ነግረሽኛል፦ ማታ የሚደበዝዙ ልጆች፣ ሲቀርብ የሚበላሽ ሩቅ ነገር። ስልክ በትንሽነቱ የተነሳ የሚሸነፈው እዚሁ ሁለቱ ላይ ነው። ስለዚህ ግዢ።

የትኛውን ከማለታችን በፊት ግን እኔም ልጠይቅሽ። ካሜራውን ማን ነው የሚይዘው?

ይህን የምጠይቀው ራሴ ስለተቃጠልኩበት ነው። ከዓመታት በፊት ከቤተሰቤ ጋር ስወጣ የሥራ ካሜራዬን፣ ሦስት ሌንስ፣ ፍላሽና መቆሚያ በአንድ ቦርሳ ጭኜ ሄድኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ትከሻዬ እምቢ አለ፤ ቦርሳው ክፍል ውስጥ ቀረ። የባሰው የመጣው ቤት ተመልሰን ፎቶዎቹን ስናይ ነው። ከ400 በላይ ፎቶ አለ። እኔ አንዱም ላይ የለሁም። ባለቤቴ ካሜራውን ስሰጣት «አበላሸዋለሁ» እያለች ትመልስልኝ ነበር። ልክ ነበረች፤ የነበሩትን ቁልፎች ብዛት እኔም አንዳንዴ እፈራቸዋለሁ። ፎቶዎቹን ያየ ሰው ልጆቹ ያለ አባት የሄዱ ነው የሚመስለው።

አንቺም ገዢዋም አንሺዋም ከሆንሽ ያው ዕጣ ይጠብቅሻል። የቤተሰብ ካሜራ ከእጅ ወደ እጅ መዞር አለበት። ባለቤትሽ አንስቶ መጫን መቻል አለበት፣ የ8 ዓመቱም ልጅ እንዲሁ። ከዚህ በታች የምነግርሽን ሁሉ የማየው በዚህ ዓይን ነው።

አሁን ወደ ድብዝዙ ልጅ። ካሜራ ፎቶ ሲያነሳ ዓይኑን ለትንሽ ጊዜ ይከፍታል። ብርሃን ካነሰው ረዘም አድርጎ ይከፍታል። በዚያ መሃል ልጁ ከተንቀሳቀሰ ፎቶው ላይ ይሳባል፤ ድብዝዝ የምትይው እሱን ነው። የሚሮጥ ልጅ ቀጥ ብሎ እንዲታይ የሰከንድ 1/500 ያህል አጭር ጊዜ ያስፈልጋል። ቁጭ ብሎ ለሚያወራ ልጅ 1/125 ይበቃል። ማታ በአንድ አምፖል ብርሃን ስልክሽ ወደ 1/30 ወይም ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል። የስልኩ የሌሊት ሞድማ ጭራሽ አንድ ሁለት ሰከንድ እየቆየ ነው የሚያነሳው። ለቆመ ሕንፃ ተአምር ነው፤ ለ3 ዓመት ልጅ ግን የማይሆን ነገር።

መፍትሔው ብዙ ብርሃን መሰብሰብ ነው። ብርሃን የሚሰበስቡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ሴንሰርና ሌንስ። ሻጮቹ ያልነገሩሽ እነዚህን ነው።

ሴንሰር ፎቶው የሚያርፍበት ቺፕ ነው፤ በሰፋ ቁጥር ብዙ ብርሃን ይይዛል። በርካሽ ትንንሽ ካሜራዎች ላይ ያለው 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። «1 ኢንች» የሚባለው 13.2 በ8.8 ነው። (ስሙ አይደናግርሽ፤ የትኛውም ጎኑ አንድ ኢንች አይሞላም። ከድሮ የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦዎች የተወረሰ አጠራር ነው።) «ኤፒኤስ ሲ» የሚባለው 23.5 በ15.6 አካባቢ ነው። «ፉል ፍሬም» ደግሞ 36 በ24 ነው። የመጨረሻውን ለጊዜው እርሺው፤ ሌንሱም ይከብዳል፣ ዋጋውም ይከብዳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ረጅም ዙም ያለው ርካሽ ትንሽ ካሜራ ውስጥ ያለው ሴንሰር ከብዙ አዳዲስ ስልኮች ዋና ሴንሰር ያንሳል። ሰው ስልኬ አልበቃኝም ብሎ ይገዛና ማታ ላይ ከስልኩ የባሰ ፎቶ ይዞ ይገባል። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይሄ ነው። ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቂው ስለ ሴንሰሩ መጠን ይሁን። መልሱን ካላወቀ ሣጥኑን ገልብጠሽ አንብቢ።

የሌንሱን ጉልበት የሚነግርሽ ደግሞ ኤፍ የሚል ፊደል ያለበት ቁጥር ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር የሌንሱ በር ይሰፋል። ግር ይላል፤ ግን እንደዚያ ነው። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚመጣው የጀማሪ ሌንስ ትንሽ ዙም እንዳደረግሽ ወደ ኤፍ 5.6 ወይም 6.3 ይደርሳል። ኤፍ 1.8 የሆነ ትንሽ ሌንስ ከኤፍ 5.6 ጋር ሲወዳደር 10 እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። በአንዱ በ1/30 የሚነሳው ልጅ በሌላው በ1/300 አካባቢ ይነሳል ማለት ነው። አንዱ ፎቶ ይጣላል፣ ሌላው ይታተማል።

ሁለቱን አንድ ላይ ስታዪ ደስ የሚል ነገር ይወጣል። ኤፒኤስ ሲ ሴንሰር በስፋት ከ1 ኢንቹ 3 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ኤፍ 2.8 ሌንስ ደግሞ ከኤፍ 5.6 ሌንስ 4 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። እንግዲህ ኤፍ 2.8 ሌንስ ያላት ኪስ የምትገባ ካሜራ፣ በጀማሪ ሌንስ ከሚሠራ ትልቅ ካሜራ ጋር ማታ ላይ ትከሻ ለትከሻ ትቆማለች። ሰው ትልቁን ካሜራ ገዝቶ፣ አብሮት በመጣው ሌንስ ብቻ ተጠቅሞ «ለውጡ የት አለ?» የሚለው ለዚህ ነው።

ሜጋፒክሰሉን (ፎቶው የተሠራባቸው ነጥቦች ብዛት በሚሊዮን ሲቆጠር ነው) በአጭሩ ልለፈው። 4ኬ ቴሌቪዥን ሙሉ ስክሪኑ 8.3 ሜጋፒክሰል ነው። ኤ4 ወረቀት ላይ በጥራት ለማተም 9 ገደማ ይበቃሻል። አሁን የሚሸጡ የጀማሪ ካሜራዎች አብዛኞቹ ከ20 እስከ 24 አላቸው። ዕዳው ገብስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኮዳክ ቤት የተሠራችው የመጀመሪያዋ ዲጂታል ካሜራ 0.01 ሜጋፒክሰል ነበራት፤ ያኔ ቢሆን ቁጥሩ ያከራክረን ነበር።

የዙም ነገርም እንዲሁ ያሳስታል። «30 እጥፍ» የሚለው ከሰፊው ጫፍ እስከ ቅርቡ ጫፍ ያለውን ርቀት ነው የሚነግርሽ። አንቺ ማየት ያለብሽ በሚሊሜትር የተጻፈውን ነው። ከ24 የሚጀምር ሌንስ ቤተሰቡን ከተራራው ጋር በአንድ ፎቶ ያስገባል። እስከ 200 የሚደርስ ደግሞ ውኃ ውስጥ የሚጫወተውን ልጅ ከዳር ሆነሽ ያቀርብልሻል። ለቤተሰብ ከዚያ በላይ አያስፈልግም፤ ወፍ ላነሳ ነው ካላልሽ። «ዲጂታል ዙም» የሚለውን ግን ቁጥር ውስጥ አታስገቢው። እሱ ፎቶውን ቆርጦ መለጠጥ ነው፤ ስልክሽ ላይ ያስጠላሽም እሱ ነው። ኤፒኤስ ሲ ካሜራ ላይ ሌንሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በ1.5 (ካኖን ከሆነ በ1.6) አባዢው፤ ያኔ ነው ከሌላው ጋር የሚነጻጸረው።

እንግዲህ ወደ ዕቃው። እኔ ላንቺ የማያቸው ሁለት መንገዶች ናቸው።

አንደኛው ባለ 1 ኢንች ሴንሰር ኮምፓክት ነው። ሌንሱ አይፈታም፣ ኪስ ወይም ትንሽ የእጅ ቦርሳ ይበቃዋል። የሶኒ አርኤክስ100 ቤተሰብ የታወቀው እዚህ ነው። ሰባተኛው ትውልድ ከ24 እስከ 200 ይሄዳል፣ ክብደቱ 300 ግራም ገደማ ነው። የቀደሙት ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛው 70 ላይ ይቆማሉ፤ ሌንሳቸው ግን ከኤፍ 1.8 እስከ 2.8 ነው። ለማታ የቀደሙት ይሻላሉ፣ ለሩቅ ሰባተኛው። የፓናሶኒክ ቲዜድ200 እስከ 360 ይደርሳል፤ ግን ሌንሱ ከኤፍ 3.3 ነው የሚጀምረው፣ ማታ ላይ ይቸገራል። የኮምፓክት ሁሉ ጠላት አሸዋ ነው። ሲበራ ወደ ፊት የሚወጣው ሌንስ መሃል አንድ ፍሬ ከገባ «ክርር» ብሎ ይቆማል፤ ጥገናውም ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ሐይቅ ዳር ከዚፕ ቦርሳ እንዳይወጣ።

ሁለተኛው ትንሽ ሚረርለስ ነው፤ ውስጡ እንደ ድሮዎቹ መስታወት የሌለው ካሜራ ማለት ነው። ሌንሱ ይፈታል፣ ሴንሰሩ ኤፒኤስ ሲ ነው። ካኖን አር50፣ ኒኮን ዜድ50 ሁለተኛው፣ ሶኒ ኤ6400 ሁሉም ደህና ናቸው። በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ለማወቅ ሌሊቱን ሙሉ ቪዲዮ ማየት ትችያለሽ፤ ጠዋት ግን ልጆችሽ ያው ናቸው። ሦስቱም ዓይንን ፈልገው ፎከስ ያደርጋሉ፣ ስክሪናቸውን ነክተሽ ታነሺባቸዋለሽ። ሦስቱም ዓይን ተጠግቶ የሚያይበት ቪውፋይንደር አላቸው። ይህን አትናቂው። ሐይቅ ዳር ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ስክሪን መስታወት ይሆናል። የሶኒ ዜድቪ ኢ10 ለምሳሌ ቪውፋይንደር የለውም፤ ለቪዲዮ ሠሪ የተሠራ ስለሆነ።

ሌሎችም አሉ፤ በፍጥነት ልንካቸው። ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው የቀድሞው ዓይነት ካሜራ) ያገለገለ በርካሽ ካገኘሽ ክፉ አይደለም። ኒኮን ዲ3500 በአንድ ቻርጅ 1,550 ፎቶ ተብሎ የተመዘገበ ነው፤ ሚረርለሶቹ ብዙዎቹ 300 እና 400 ላይ ናቸው። ግን ከስልክ ለመጣ ሰው አጠቃቀሙ እንግዳ ነው፤ አምራቾቹም ፊታቸውን ወደ ሚረርለስ አዙረዋል። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ውኃ ውስጥ ከሆኑ ደግሞ የኦኤም ሲስተም ቲጂ7 እስከ 15 ሜትር ጥልቀት ይችላል፤ ከ2 ሜትር ገደማ ቢወድቅም እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። ሴንሰሩ ግን ትንሹ ነው። የማታ ችግርሽን አይፈታም።

እኔ ብሆን ላንቺ ትንሹን ሚረርለስ እመርጣለሁ። ልጆችሽ ጉዞው ላይ ብቻ አይደለም ማታ የሚሮጡት፤ ዓመቱን ሙሉ ነው። ኮምፓክቱን የምልሽ «ከጉዞው በኋላ ካሜራው መሳቢያ ውስጥ ነው የሚገባው» ብለሽ ራስሽን ካወቅሽ ነው። ራስን ማወቅ አያሳፍርም።

ሻጩ ያሳየሽን ባለ ሁለት ሌንስ ጥቅል ግን ተዪው። ሁለተኛው ረጅሙ ሌንስ ቦርሳ ውስጥ ነው የሚያርፈው። ልጁ ውኃ ሲረጭ አይተሽ ሌንስ እስክትቀይሪ ልጁ ደርቋል። ሌንስ ሲቀየር ደግሞ አቧራ ሴንሰሩ ላይ ይገባል። ይልቅ አንድ ሁሉን የሚሠራ ሌንስ ያዢ፦ ለካኖን ከ18 እስከ 150፣ ለኒኮን ከ18 እስከ 140 አለ። ሁለቱም ከ300 ግራም ብዙ አይበልጡም። ለማታ ደግሞ አንድ ትንሽ ዙም የሌለው ሌንስ ጨምሪ። ለኒኮን 24 ሚሊሜትር ኤፍ 1.7፣ ለሶኒ 35 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 አለ። የካኖን 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 በጣም ጥሩ ነው፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ጀርባሽ ግድግዳ እስኪነካ ወደ ኋላ ያስኬድሻል። ቀን አንዱን፣ ራት ላይ ሌላውን። ቅያሪው በቀን አንዴ፣ ያውም ክፍል ውስጥ ነው።

ለሁለቱ ሌንሶች ገንዘቡ ካልበቃ? የካሜራውን ቤት (ያለ ሌንስ አካሉን) በአንድ ትውልድ አሮጌ አድርጊው እንጂ ሌንሱን አትቀንሺ። ያገለገለ ስትገዢ ነጭ ግድግዳ በኤፍ 16 አንሥተሽ ፎቶውን አቅርበሽ እዪ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ አለ። ሌንሱን ወደ ብርሃን ይዘሽ በውስጡ ተመልከቺ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካየሽ ሻጋታ ነው፣ መልሺው። ቻርጀሩ መኖሩንም እዪ።

አሁን ዋናው ፈተና። ሱቅ ስትሄጂ ባለቤትሽን ይዘሽ ሂጂ። የመረጥሽውን ካሜራ አብሪና ምንም ሳትነግሪው አቀብዪው። «አንሳኝ» በይው ብቻ። አንድ ደቂቃ ውስጥ ደህና ፎቶ ማንሳት ካቃተው ካሜራውን መልሺ፣ ቀጣዩን ሞክሪ። ስልክ ይበቃል ያለው ሰው ካሜራው እጁ ላይ ሲመቸው ፊቱ ሲለወጥ ታያለሽ። ክርክሩም እዚያው ያልቃል።

ከዚያ ውጪ የሚያስፈልግሽ ጥቂት ነው። አንድ ተጨማሪ ባትሪ፣ የአምራቹ የራሱ ቢሆን ይሻላል። ቪ30 የሚል የፍጥነት ምልክት ያለበት 64 ጊጋባይት ካርድ ሁለት። አንዱ ከ5,000 በላይ ተራ ፎቶ ይይዛል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያው ቢበላሽ ነው። መቆሚያ፣ ፊልተር፣ ያ ሁሉ ቦርሳ አሁን አያስፈልግም። በአውሮፕላን ከሆነ የምትሄዱት ተጨማሪውን ባትሪ በእጅ ሻንጣ ያዢው፤ ወደ ዕቃ ማስጫኛ የሚገባው ሻንጣ ውስጥ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ ማስገባት ክልክል ነው።

6 ሳምንት እንዳለሽ ጽፈሻል። እንግዲያው በዚህ ሳምንት ግዢው። ሰው ከመነሻው ሁለት ቀን በፊት ይገዛና ጉዞውን መመሪያ ሲያነብ ያሳልፋል። መጀመሪያ ሳምንት በኦቶ ብቻ አንሺ። ሁለተኛው ላይ ልጆቹ ደጅ ሲሮጡ ካሜራው አናት ላይ ያለውን የሞድ መምረጫ ጎማ ወደ ኤስ (ካኖን ላይ ቲቪ ይላል) አዙሪና 1/500 ላይ አስቀምጪ፤ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ኦቶ ተይው። ማታ ደግሞ ትንሹን ሌንስ ግጠሚና ኤ (ካኖን ላይ ኤቪ) ላይ ኤፍ 1.8 አድርጊ፤ አይኤስኦው እስከ 6400 እንዲወጣ ፍቀጂለት። ፎቶው እንደ አሸዋ ያለ ነጠብጣብ ያወጣል። አትደንግጪ። ነጠብጣብ በኋላ ይቀነሳል፤ የተሳበ ልጅ ግን አይመለስም። ፎከሱን ደግሞ ተከታታዩ ላይ አድርጊ፤ ኒኮንና ሶኒ ኤኤፍ ሲ፣ ካኖን ሰርቮ ይሉታል። በየማታው ራት ሰዓት ላይ 20 ፎቶ አንሺ። ሌላ የቤት ሥራ የለም። አዎ፣ ፎቶውን ወደ ስልክ የሚያስተላልፈውን አፕ ቤት ሆነሽ ሞክሪው። መንገድ ላይ መታገል የጀመረ ሰው ሲሳደብ ሰምቻለሁ፤ ሰውየው እኔ ነበርኩ።

አንቺ ከጨረስሽ በኋላ ጎማውን ሁልጊዜ ወደ ኦቶ መልሺው። ቀጥሎ የሚያነሳው ሰው እንዳይቸገር ነው።

የትንሿን ጥያቄ መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ስለምወደው ነው። ትንካው። ማንገቻውን አንገቷ ላይ አጥልቂላት፣ ትንሹን ሌንስ ግጠሚ፣ ምንጣፍ ወይም ሣር ላይ አስቀምጫት። ጣቷን ሌንሱ ላይ ማሳረፏ አይቀርም። መጀመሪያ አቧራውን እፍ በዪ፣ ከዚያ እንደ መነጽር ጨርቅ ባለ ለስላሳ ነገር ጥረጊው፤ በቀሚስ ጫፍ አይሆንም። ከምታነሳው ግማሹ ጉልበት፣ ግማሹ ወለል ይሆናል። በመሃል ግን ከታች ወደ ላይ የተነሳሽ፣ አፍሽን ከፍተሽ የምትስቂ አንቺ ትኖሪበታለሽ። ካርዱ ሰፊ ነው፤ አታጥፊባት።